የሦስት ደቂቃ ቅጣት

በባንክ ቤት የምንሠራ ሰዎች የቀናችንን ልክ የምናውቀው በምሽቱ ነው። ደንበኛው ሁሉ ሄዶ፣ በሩ ተዘግቶ፣ በሣጥኑ ውስጥ ያለው ጥሬ ገንዘብ በመዝገቡ ላይ ካለው አኃዝ ጋር ሲመሳከር አንድ ሳንቲም ካልጎደለና ካልተረፈ፣ ያ ቀን መልካም ቀን ነበር ማለት ነው። ስለ መልካም ቀን ግን ማንም ምንም አይጽፍም። ፊርማ ይፈረማል፤ መዝገቡ ይከደናል። ብዙ የሚጻፈው ስለ ጉድለት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሒሳብ በምዘጋበት ሰዓት መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩም አልነሣ አለ። የቅርንጫፋችን ጥበቃ የነበሩ አንድ አዛውንት የእጅ ባትሪያቸውን ይዘው ከበር ላይ መጡና ቆጥሬ እስክጨርስ ድረስ ከጎኔ ቆመው አበሩልኝ። ገንዘቡ ልክ መጣ። በማግሥቱ ግን «ያልተፈቀደለት ሰው ወደ ገንዘብ መቁጠሪያው እንዲጠጋ አድርገሃል» የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። ደንቡ ደንብ ነው፤ አልተከራከርሁም። አዛውንቱ በጡረታ በተሸኙበት ቀን ግን አንድ ነገር ገረመኝ። እኒያ ሰው ያን ምሽት ላደረጉልኝ ደግነት በዚህ ዓለም ላይ ያለው ብቸኛ የጽሑፍ ማስረጃ ያ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው። እኔ ባልቀጣ ኖሮ የእርሳቸው መልካምነት አይጻፍም ነበር።

ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ታሪክ ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነው። ቦታው ፈረንሳይ ነው፤ ቀኑ ሐምሌ 2 ቀን 1905 ዓ.ም.፣ በእነርሱ አቆጣጠር ጁላይ 9 ቀን 1913። ስለ አንድ ብስክሌተኛ፣ ስለ አንድ የብረት ቀጥቃጭ ቤትና ወናፍ ስላናፋ አንድ ብላቴና ነው። ታሪኩን ስፖርት ወዳዶች ያውቁታል። እኔ ደግሞ ወድጄም ሆነ ሳልወድ በራሴ መንገድ አውቀዋለሁ፤ ምክንያቱን በቦታው እነግራችኋለሁ።

ቱር ደ ፍራንስ የተባለው የብስክሌት ውድድር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1903 ነው። የጀመረውም «ሎቶ» የተሰኘ የስፖርት ጋዜጣ ሲሆን ዓላማው አንባቢ መሳብ ነበር። የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ አንሪ ደግራንዥ ጽኑ ሰው ነበር። በእርሱ ዕይታ እውነተኛ ጀግና ማለት ማንም ሳይረዳው በገዛ እግሩና በገዛ እጁ አገር የሚዞር ብቸኛ ሰው ነው። ስለዚህ ደንቡን እንደ ልቡ አወጣው። ጎማው የፈነዳበት ጎማውን ራሱ ይቀይራል፤ ብስክሌቱ የተሰበረበት ራሱ ይጠግናል፤ ከማንም እጅ እርዳታ የተቀበለ ይቀጣል። ተወዳዳሪዎቹም ትርፍ ጎማ በትከሻቸው ላይ እንደ ጥይት ዝናር አጥልቀው ይጋልቡ ነበር። ለዳገትና ለሜዳ ማርሽ የሚቀይር መሣሪያ በዚህ ውድድር የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1937 ነውና በዚያ ዘመን ዳገቱን የሚወጡት በጉልበት ብቻ ነበር።

ለፍትሕ ሲባል የደንቡን ሌላ ገጽ ማየት ይገባል። ደግራንዥ የሚፈራው የብስክሌት ፋብሪካዎችን ነበር። ፋብሪካዎቹ በየመንደሩ ሠራተኛ አቁመው ብረት እያቀበሉ፣ ድሉን ከጋላቢው እግር ወደ ባለገንዘቡ ኪስ እንዳያዞሩት ሠጋ። ደንብ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ በቂ ምክንያት ኖሮት ነው። አስቸጋሪው ነገር ደንቡ በወጣበት ቦታና በሚፈጸምበት ቦታ መካከል ያለው ርቀት ነው። ይህን ከሥራዬ አውቀዋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1913 ውድድሩ 15 የጉዞ ቀናት ነበሩት፤ በድምሩ ከ5,200 ኪሎ ሜትር በላይ። 140 ሰዎች ተነሥተው ፓሪስ የተመለሱት 25 ብቻ ናቸው። ከዚያ በፊት ለጥቂት ዓመታት አሸናፊው የሚለየው በነጥብ ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን ወደ ሰዓት ተመለሰ። በነጥብ ዘመን አንድ ቀን አራት ሰዓት ዘግይቶ የደረሰ ሰው የሚያጣው ጥቂት ነጥብ ነው። በሰዓት ዘመን ግን አራቱ ሰዓት እንደ ዕዳ እስከ መጨረሻው ይከተለዋል።

ስድስተኛው የጉዞ ቀን ከሁሉም የከፋው ነበር። ከባዮን ተነሥቶ ሉሾን የሚደርስ 326 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው፤ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ካለው ይረዝማል። መንገዱ የፒሬኔን ተራሮች ይሻገራል፦ ኦቢስክ፣ ቱርማሌ፣ አስፓን፣ ፔርሱርድ። ከሁሉ የሚበልጠው ቱርማሌ ከፍታው 2,115 ሜትር ነው። እኔ ለምኖርበት ለደብረ ብርሃን ሰው ይህ አኃዝ ቆላ ሊመስለው ይችላል። መታወስ ያለበት ግን መነሻቸው የባሕር ዳርቻ መሆኑ ነው። ከባሕር ጠለል ተነሥተው ይወጣሉ፤ ይወርዳሉ፤ እንደገና ይወጣሉ፤ ያውም በአንድ ቀን፣ አቧራና ጠጠር በሆነ የተራራ መንገድ ላይ።

ዩዤን ክሪስቶፍ በዚያን ጊዜ 28 ዓመቱ ነበር። ብስክሌት ከመጋለቡ በፊት የቁልፍ ሠራተኛ ነበረ፤ ብረት ያውቃል። ጽናቱ የታወቀ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1910 ከሚላኖ ሳን ሬሞ የሚደረገውን ውድድር፣ አብዛኛው ተወዳዳሪ በበረዶ ውሽንፍር ተሸንፎ ሲያቋርጥ፣ እርሱ አሸንፎ ነበር። በ1912 ቱር ደ ፍራንስ ሁለተኛ ወጥቷል። በዚያ ሐምሌ ጧትም በጠቅላላው ውጤት ሁለተኛ ሆኖ ነው የተነሣው፤ ከመሪው ከቤልጅጉ ኦዲል ደፍራይ የሚለየው አምስት ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር። በመንገድ ላይ ደፍራይ ደክሞ ውድድሩን አቋረጠ። ክሪስቶፍም ከሌላው ቤልጅግ ከፊሊፕ ቲስ ጋር ከፊት ሆኖ የቱርማሌን ጫፍ ረገጠ። የዓመታት ድካሙ ፍሬ ሊያፈራ የቀረው ቁልቁለት መውረድ ብቻ ይመስል ነበር።

በቁልቁለቱ ላይ መሪው በእጁ ውስጥ ላላበት። የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ አቅፎ የሚይዘው የብስክሌቱ ሹካ ተሰብሮ ነበር። ብስክሌት ጎማው ቢፈነዳ ይሄዳል፤ ሰንሰለቱ ቢበጠስ ይገፋል። ሹካው ከተሰበረ ግን የሚጋለብ ነገር አይደለም። ደንቡ ደግሞ ሌላ ብስክሌት መውሰድን አይፈቅድም። ክሪስቶፍ ብስክሌቱን በትከሻው ተሸክሞ፣ የፊት ጎማውን በእጁ ይዞ ቁልቁል በእግሩ ወረደ። ወደ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጓዘ፤ ባቋራጭ ባገኘው የፍየል መንገድ እየወረደ። ጧት የቀደማቸው ሁሉ አንድ በአንድ እየጋለቡ አለፉት። በመንገድ ላይ አልቅሶ እንደነበር ከዓመታት በኋላ ራሱ ተናግሯል።

ሴንት ማሪ ደ ካምፓን የምትባለው መንደር ሲደርስ አንዲት ልጅ ወደ ብረት ቀጥቃጩ ቤት መራችው። ባለቤቱ ሌኮምት ይባላል። ሌኮምት የተሰበረውን ሲያይ ልሥራልህ አለው። ነገሩ ለአንድ ቀጥቃጭ ብዙ የሚያስቸግር አልነበረም። ይሁን እንጂ የውድድሩ ዳኞች ተከትለው ደርሰው ነበርና ከለከሉ። ብረቱን መንካት የሚችለው ክሪስቶፍ ብቻ ነው። ሰውየው በገዛ ቤቱ፣ በገዛ መዶሻው ፊት፣ እጁን አጣምሮ እንዲቆም ተደረገ።

ክሪስቶፍ ከሌሊት ጀምሮ በጋለበ ሰውነቱ እሳት ፊት ቆመ። አንዱን ብረት አግሎ፣ ቀጥቅጦ፣ ከሌላው ጋር ማጋጠም ነበረበት። ሥራው ከሦስት ሰዓት በላይ ፈጀ። ከዳኞቹ አንዱ ርቦት እህል ፍለጋ ልሂድ ቢል፣ ክሪስቶፍ ከተራብህ ከሰሉን ብላ ብሎ በምሬት እንደመለሰለት ይተረካል፤ እኔን እስረኛ አድርጋችሁኛልና እናንተም እስከ መጨረሻው ዘብ ትሆናላችሁ በሚል መንፈስ።

አንድ ችግር ግን ሊፈታው አልቻለም። ሰው ያለው ሁለት እጅ ነው። በአንዱ ጉጠት፣ በሌላው መዶሻ ከያዘ ወናፉን የሚያናፋለት የለም። እሳት ደግሞ እስትንፋስ ካጣ ይሞታል፤ ብረቱ ከቀላ በኋላ ቢቀዘቅዝ የቀደመው ድካም ሁሉ ከንቱ ነው። ኮርኒ የሚባል የሰባት ዓመት ብላቴና በዚያ ነበር። ክሪስቶፍ ወናፉን እንዲያናፋለት ጠየቀው፤ ልጁም አናፋ። ዳኞቹ ይህንን አይተው ጻፉ።

ክሪስቶፍ ሹካውን ጠግኖ ተነሣ። ከፊቱ ገና ሁለት ተራሮች ነበሩ፤ አስፓንና ፔርሱርድ። ሁለቱንም ተሻግሮ ከአሸናፊው ወደ አራት ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ ዘግይቶ ሉሾን ገባ። ከዚያም ዳኞቹ ቅጣቱን አሳወቁት፦ ከሌላ ሰው እርዳታ በመቀበል፣ 10 ደቂቃ። በኋላ ቅጣቱ ወደ 3 ደቂቃ ዝቅ ተደረገለት። ውድድሩን ፊሊፕ ቲስ አሸነፈ። ክሪስቶፍ ሳያቋርጥ ፓሪስ ገብቶ ሰባተኛ ወጣ።

ይህን ታሪክ የሚተርኩ ሁሉ ስለ ክሪስቶፍ ጽናት ይደነቃሉ፤ በደንቡ ጭካኔም ይገረማሉ። አራት ሰዓት በጠፋበት ቀን ሦስት ደቂቃ ምን ትርጉም አለው ይላሉ። እኔ ግን ታሪኩን መጀመሪያ ባነበብሁ ጊዜ ዓይኔ ከክሪስቶፍ ላይ አልነበረም። ዓይኔ ወናፉ ላይ ቀረ።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። አያቴ ቀጥቃጭ ነበሩ።

ይህችን አጭር ዓረፍተ ነገር ጽፌ ስጨርስ እጄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ ምክንያቱም በዚህ ዕድሜዬ በጽሑፍ ሳሰፍራት የመጀመሪያዬ ነው። የአያቴ ቤት በሰሜን ሸዋ ገጠር፣ ከመንደሩ ትንሽ ራቅ ብሎ ነበር። ራቅ ያለው በአጋጣሚ አልነበረም። የብረት መሥሪያው ከቤቱ አጠገብ ያለች ትንሽ የሣር ጎጆ ናት። መሬት ላይ የተቀበረ መስፍ፣ ጉጠት፣ መዶሻ፣ የከሰል ክምር፤ ከኋላ ደግሞ ከፍየል ቆዳ የተሰፉ ሁለት ወናፎች። አንዱን ስትጫን ሌላውን ታነሣለህ፤ ሌላውን ስትጫን ያኛውን። ሁለቱ ካልተቀባበሉ ነፋሱ ይቆራረጣል፤ አያቴም ፊታቸውን ሳያዞሩ «ልጄ፣ እሳቱ ተኛብህ» ይሉኝ ነበር። እኔም ያን ጊዜ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ክረምት ሊገባ ሲል፣ ገበሬው ሁሉ ማረሻውን ይዞ ደጃቸው ላይ ይሰለፋል። የአያቴ እጅ ያልነካው ማረሻ በዚያ አካባቢ መሬት አይገባም ነበር። ዋጋቸው የሚከፈላቸው በመኸር፣ በእህል ነው።

ያ ማረሻውን የሚያሠራ ገበሬ ግን ከአያቴ ገበታ አይቀርብም ነበር። ልጁን ለልጃቸው አይድርም። ሕፃን ሲታመም ጣቱ የሚጠቁመው ወደ እኛ ቤት ነው። ስሙን እዚህ መጻፍ አያስፈልገኝም፤ አንባቢ ያውቀዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሙያው ስም እየጠሩ መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ያረፉት በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም.፣ ክሪስቶፍ በሌኮምት እሳት ፊት በቆመ በአምስተኛው ወር ነው። አዋጁም ሆነ ዘመኑ አለፈ፤ አያቴ ግን ከዚያ ስንት አሥርት ዓመት በኋላ የመንደሩን ማረሻ እየሠሩ ከመንደሩ ዳር ኖሩ። ይህ ደንብ በየትም መዝገብ አልተጻፈም። ዳኛ ሳይቆምበት የሚፈጸም ደንብ ነው።

ከአያቴ ይልቅ ራሴን መውቀስ ይገባኛል። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ቤተሰቦችህ ምን ይሠራሉ ሲሉኝ «ገበሬዎች ናቸው» አልሁ። ባንክ ስቀጠርም እንዲሁ። ሚስቴን ለመጠየቅ ሽማግሌ በላክሁ ጊዜ የልጅቱ አጎት «ለመሆኑ የአባቱ አባት ማን ናቸው?» ብለው ጠየቁ። ከሽማግሌዎቼ አንዱ፣ ነገሩን የሚያውቅ ሰው፣ ፈጠን ብሎ «የታወቁ አራሽ ነበሩ» አለ። ሌሎቹ ዝም አሉ። ማታ ሲነግሩኝ እኔም ዝም አልሁ። አያቴ በዕድሜያቸው ሙሉ ሞፈር ጨብጠው አያውቁም። በአንድ ቃል የሰውየውን መዶሻ ከእጁ ነጠቅነው። ሌኮምትን በገዛ ቤቱ እጁን እንዲያጣምር ካደረጉት ዳኞች የምለየው በምንድን ነው? እነርሱ እንኳ ደንብ ነበራቸው።

ስለዚህ ነው ያ ብላቴና ዓይኔን የያዘው። በተራሮች መካከል ባለች መንደር፣ በአንድ የሐምሌ ቀን፣ አንድ ሕፃን ወናፍ አናፋ። ለሥራው ዋጋ የከፈለው የለም፤ የተመዘገበውም እንደ ጥፋት ነው። ይሁንና ያ ቅጣት ባይኖር ኖሮ «ሹካው ተሰበረ፤ ጠግኖት ሄደ» ተብሎ ይታለፍ ነበር። ደግራንዥ የፈለገው ብቻውን የሚታገል ጀግና ነበር። ሦስቱ ደቂቃ ግን ብቻውን እንዳልነበረ ይመሰክራሉ። ዳኞቹ ሳያውቁት እውነቱን ጻፉ፦ ይህ ብረት የተጋጠመው በሦስት እጆች ነው።

ክሪስቶፍን ዕድሉ ከዚያም በኋላ አልማረውም። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት አልፎ ውድድሩ እ.ኤ.አ. በ1919 ሲቀጥል፣ መሪውን ለመለየት ቢጫ ሹራብ ማልበስ ተጀመረ። ቢጫ የጋዜጣው ወረቀት ቀለም ነው። የመጀመሪያውን ቢጫ ሹራብ የለበሰ ሰው ክሪስቶፍ ሆነ። ነገር ግን ከሜስ ወደ ደንከርክ በሚወስደው 468 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ፣ ፍጻሜው አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሹካው ዳግመኛ ተሰበረ። አሁንም ራሱ ጠገነው፤ ድሉም አሁንም አመለጠው፤ ሦስተኛ ወጣ። በዚያን ጊዜ ግን ሕዝቡ ዝም አላለም። የጋዜጣው አንባቢዎች ሳንቲም በሳንቲም አዋጥተው ካሡት። ቱር ደ ፍራንስን በሕይወቱ ሳያሸንፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ዐረፈ። በሴንት ማሪ ደ ካምፓን ያን ቀን የሚያስታውስ ጽላት በ1951 ተተክሎለታል። ዛሬ ብስክሌት ሲሰበር ከኋላ የሚከተለው መኪና ሌላ ብስክሌት ያወርዳል፤ ጋላቢው በሴኮንዶች ውስጥ መንገዱን ይቀጥላል። ይህ መልካም ነው። ማንም ሰው በደንብ ምክንያት ተራራ በእግሩ መውረድ የለበትም።

ይህን ጽሑፍ ከሁሉ በፊት ያነበበችው ባለቤቴ ናት። ስለ አያቴ ከተጋባን በኋላ ነግሬያት ነበር፤ እርሷ እንጂ ቤተሰቦቿ አያውቁም። አንብባ ስትጨርስ ወረቀቱን አጠፈችና ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ቀጥላም «ወንድሞቼ ይህን ማንበባቸው አይቀርም» አለች። «አዎ» አልኋት። «እሺ፤ ለልጃችንስ መቼ ነው የምትነግራት?» አለችኝ።

ልጃችን ስድስት ዓመቷ ነው። በመጪው ክረምት ወደ አያቴ ቦታ ልወስዳት አስቤአለሁ። ጎጆዋ ፈርሳለች፤ መስፉ ግን እዚያው ተቀብሮ አለ። ስለ ክሪስቶፍም እነግራታለሁ፤ ከእርሱ በፊት ግን ስለ ቅድመ አያቷ፣ ከዚያም ስለ ወናፉ።

ትናንት ማታ ሒሳብ ልክ መጥቶ መዝገቡን ከከደንሁ በኋላ፣ በአንድ የተበላሸ የገንዘብ ማውጫ ቅጽ ጀርባ ላይ እነዚህን አራት ስንኞች ጻፍሁ፦

ቀድሞ የደረሰ ስሙ ይጻፍለታል፤
ከኋላ ለቀረም ዕንባ ይፈስለታል፤
ወናፍ ላናፋው ልጅ ምን ይቆጠርለታል?
ቅጣት ካልሆነ በቀር ማን ይመሰክርለታል?